አበባ ለማየት ገንዘብ ይከፈላል?

ስሙኝማ፤ ጨዋታው እንዲህ ነው።

አቴንስ የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። ስማቸውን እንተወውና ሰፈርተኛው እንደሚጠራቸው እቴቴ እንበላቸው። የሰው ቤት ሲያጸዱ፣ የሰው ሽማግሌ ሲያስታምሙ እዚያው ግሪክ አገር ጠጉራቸው የሸበተ ሴት ናቸው። ልጆቻቸው አድገው ደመወዝ ሲይዙ ተሰብስበው መከሩና «እማዬ፣ እንግዲህ አንድ ጊዜ እንኳ እረፊ» ብለው የእረፍት ጉዞ ገዙላቸው። እቴቴ የባሕር ዳር ሆቴል መስሏቸው መርቀው ተቀበሉ። ወረቀቱ ሲነበብላቸው ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ቀርጤስ ደሴት ገጠር ውስጥ፣ ከአስጎብኚ ጋር፣ በእግር እየዞሩ የዱር አበባ ማየት ነው።

«አበባ ለማየት ገንዘብ ይከፈላል?» አሉ እቴቴ።

ይከፈላል። በደንብ አድርጎ ይከፈላል እንጂ! እንግሊዙ፣ ሆላንዱ፣ ጀርመኑ ዓመቱን ሲያጠራቅም ከርሞ ጸደይ ሲመጣ ወደ ቀርጤስ፣ ወደ ቆጵሮስ፣ ወደ ኢጣሊያው ጋርጋኖ ይጎርፋል። የሚከፍለው ለአልጋና ለምግብ ብቻ አይደለም፤ ያየውን ነገር ስም ለሚነግረው ሰውም ነው። ይህን ላስረዳ ስጀምር አቋረጡኝ። «አንተ ልጅ፣ ዝባዝንኬውን ተወው። ብቻዬን ፈረንጅ መሐል አልገባም፤ ትከተለኛለህ።» ለእቴቴ እሺ እንጂ ሌላ ምን ይባላል? ከፒሬዎስ ወደብ ማታ መርከብ ተሳፈርን፤ ሲነጋ ቀርጤስ ላይ ነበርን።

ቀርጤስን መጽሐፍ ያነበበ ሁሉ በስም ያውቃታል፤ ቅዱስ ጳውሎስ ቲቶን ትቶባት የሄደ ደሴት ናት። ከምሥራቅ ጫፍ እስከ ምዕራብ ጫፍ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ትረዝማለች፤ ወገቧ ግን ቀጭን ነው። በዚያች ቀጭን ወገብ ላይ ነው እንግዲህ ተራራው በተራራ ላይ የተከመረው። ትልቁ ፕሲሎሪቲስ 2,456 ሜትር ይደርሳል፤ በሚያዝያ ታች ሰው ባሕር ዳር ፀሐይ ሲሞቅ እሱ ገና በረዶውን አላወለቀም። በደሴቲቱ ከ1,700 በላይ የዕፅዋት ዓይነት ማንም ሳይተክለው ይበቅላል። ከአሥሩ አንዱ ገደማ ከቀርጤስ ውጪ በዓለም ላይ የትም የለም። ባሕሩና ገደሉ ከዘመድ አለያይቷቸው በየጥጋቸው ሌላ ዘር ሆነው የቀሩ ናቸው።

ወራቱ ደግሞ የእኛን ገልብጦ ነው። እኛ ዘንድ ክረምቱ ዘንቦ ሲያባራ በመስከረም አደይ ይፈነዳል። እዚያ ዝናቡ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ነው፤ በጋው ጠብታ የለውም። አበባው ብርዱ ሲላላ፣ መሬቱም ሳይደርቅ ባለችው አጭር ጊዜ ወጥቶ፣ አብቦ፣ ዘር ጥሎ መጨረስ አለበት። ለዚህም ነው ብዙዎቹ ከአፈር በታች ሽንኩርት የመሰለ ራስ ያላቸው፤ በጋውን እዚያ ተደብቀው ያሳልፉታል። በሐምሌ የሄደ ሰው የሚያገኘው እሾህና አቧራ ነው።

ያረፍንባት መንደር ስፒሊ ትባላለች፤ ከረቲምኖ ከተማ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከገደል ሥር ተለጥፋለች። አደባባይዋ ላይ በረድፍ የተደረደሩ የድንጋይ አንበሳ ራሶች ከአፋቸው የምንጭ ውሃ ያፈሳሉ። ቡድናችን ጠዋት እዚያ ተሰበሰበ። አብዛኞቹ ጡረተኞች ናቸው፤ የተራራ ጫማ አድርገዋል፣ ምርኩዝ ይዘዋል፣ አንገታቸው ላይ ትንሽ አጉሊ መነጽር በክር አንጠልጥለዋል። አስጎብኚያችን የዕፅዋት ትምህርት የተማረች የግሪክ ሴት ናት። እቴቴ ነጠላቸውን ደርበው፣ ስኒከር ተጫምተው ቀረቡ።

እቴቴ ፈጣን ናቸው። ጉዞው እንደተጀመረ «በሉ በርቱ» ብለው ከፊት ቀደሙ። ዞር ሲሉ ሰው የለም። ሰው ሁሉ መንገድ ዳር ተንበርክኳል፤ አንድ ሆላንዳዊ ጭራሽ በሆዱ ተኝቶ ካሜራውን ሣር ውስጥ ከትቷል። እቴቴ ደንግጠው ተመለሱ። «ምን ጠፋባቸው?» ምንም አልጠፋባቸውም፤ ኦርኪድ አግኝተው ነው። የአበባ ጉዞ እንዲህ ነው። በደህና እግር የግማሽ ሰዓት መንገድ የሆነው ከጠዋት እስከ ምሳ ይፈጃል። ለመራመድ የመጣ ሰው እዚህ ቡድን ውስጥ ያብዳል።

እኔም ተንበረከክሁ። ኦርኪድ ሲባል የሚታሰበን አበባ ቤት መስተዋት ውስጥ የሚታየው ትልቁ ነጭና ሐምራዊ ነው። ይኼኛው ከስንዝር ብዙም አያልፍም። ግንዱ ላይ ሦስት አራት አበባ ብቻ ነው ያለው። የታችኛው የአበባ ቅጠሉ ቡናማ ከፈይ ነው፤ ጠርዙን ጠጉር ከቦታል፤ መሐሉ ላይ ብርሃን የሚመልስ ሰማያዊ ጌጥ አለ። አጉሊ መነጽሩን ሳስጠጋ ንብ ተቀምጣበታለች ብዬ እጄን ሰበሰብሁ። ንብ የለችም፤ ንቧ አበባው ራሱ ነው።

ነገሩ ማታለል ነው። ኦፍሪስ የሚባለው ይህ ወገን ለንብ የሚሰጠው ማር የለውም። የሴቷን ንብ መልክ፣ ጠጉሯን፣ ከሁሉም በላይ ሽታዋን ቀድቶ ይቀመጣል። ወንዱ ንብ በጸደይ ከሴቶቹ ቀደም ብሎ ይወጣል። ሴት ፍለጋ ሲዞር ሽታው ይጠራዋል፤ መጥቶ አበባውን ያቅፋል፤ ሲታገል ሁለት ቢጫ የዱቄት ዘንግ ግንባሩ ላይ ይለጠፍበታል። ከዚያ ተነሥቶ ሌላ አበባ ላይ ሲታለል ዱቄቱን እዚያ ያራግፋል። ይህን ምስጢር የፈታው ፕሮፌሰር እንዳይመስላችሁ። ፑያን የሚባል፣ አልጄሪያ የነበረ ፈረንሳዊ ዳኛ ነው። ዳኝነቱን ይዞ ዱር እየገባ አበባና ተርብ ሲመለከት ዓመታት አሳልፎ በፈረንጆቹ 1916 ከአንድ የዕፅዋት ሰው ጋር አሳተመው። አበባ ነፍሳትን በዚህ መንገድ ያሞኛል ቢባል ማን ይመን? ብዙ ጊዜ ሰሚ አላገኘም።

እቴቴ ታሪኩን በግሪክኛ ሲሰሙ ከት ብለው ሳቁ። «ወንድ ሁሉ ያው ነው» አሉ። አስጎብኚዋ ለሌሎቹ ስትተረጉምላቸው አንዲት እንግሊዛዊት አሮጊት ምርኩዟ እስኪወድቅ ሳቀች። ትንሽ እልፍ ብሎ ደግሞ ሌላ ዓይነት ኦርኪድ አለ፤ እያንዳንዷ ሮዝ አበባ ኮፍያውን አድርጎ ሱሪውን የረሳ ድንክ ወንድ ትመስላለች፤ ምንም አልጎደለውም። ይኼኛውን እቴቴ አማትበው አለፉት።

ወደ ቀትር ግን ጨዋታው ተገለበጠ። አንድ የድንጋይ ካብ ሥር እቴቴ ቆሙ። ጎንበስ ብለው ቅጠል በጣታቸው አሹና ወደ አፍንጫቸው ወሰዱ።

«ልጄ፣ እስቲ ና። ይኸ ጤና አዳም አይደለም?»

«ነው እቴቴ። ራሱ ነው።»

«እዚህ ማን ተከለው?»

ማንም አልተከለውም። እናቶቻችን ቡና ላይ ጣል የሚያደርጉት ጤና አዳም የሜድትራንያን ዳርቻ ተወላጅ ነው፤ በቀርጤስ ድንጋያማ ተዳፋት በራሱ ጊዜ ይበቅላል። እቴቴ ስለ ቡናው፣ ስለ ሆድ ቁርጠቱ፣ ስለ አይብና ቅቤው ሲናገሩ ፈረንጆቹ ማስታወሻ ደብተራቸውን አወጡ። ከዚያች ሰዓት ወዲያ ተከታይ መሆናቸው ቀረ። መንገድ ዳር እንስላል አዩ። አንድ ቁጥቋጦ ረግጠው ሲያልፉ ሽታው ተነሣ፤ «የጦስኝ ዘመድ ነው» አሉ፤ አስጎብኚዋ አረጋገጠች፤ የቀርጤስ ማር ስሙ የወጣው በእሱ ነው። ከገደል ላይ ደግሞ ዲክታሞ አሳየችን፤ ቅጠሉ ነጭ ጠጉር የለበሰ፣ ከደሴቲቱ ሌላ ቤት የሌለው ዕፅ። አርስቶትል የቀርጤስ ፍየል በቀስት ስትወጋ ዲክታሞ ፈልጋ ትበላለች፣ ቀስቱም ከሰውነቷ ይወጣል ተብሎ እንደሚወራ ጽፏል። በድሮ ጊዜ እሱን ለመልቀም በገመድ ተንጠልጥሎ ገደል የገባ ሰው ብዙ ነው። ዛሬ ተመስገን በእርሻ ይመረታል።

ሁዳዴ ሊፈታ ጥቂት ቀርቶታል። የግሪኮቹም እንዲሁ፤ ፋሲካቸው ከእኛ ጋር ይውላል። ስለዚህ በመንደሩ ምግብ ቤት ለእቴቴ የሚሆን አልጠፋም፤ የተቀቀለ የዱር ጎመን በወይራ ዘይትና በሎሚ፣ ባቄላ፣ የወይራ ፍሬ፣ በእንስላል ቅጠል የተሞላ ማራቶፒታ የሚሉት ስስ ቂጣ። ጎመን ማለቴ አንድ ተክል እንዳይመስላችሁ፤ የመንደሩ ሴቶች ከየሜዳው የሚለቅሙት ብዙ ዓይነት ቅጠል ነው። ጠዋት በላቲን ስሙን ስንማርለት ከነበረው ጥቂቱን ምሳ ላይ በላነው። ታዲያ የምግብ ቤቱ ባለቤት «ይኸም የጾም ነው» ብላ አንድ ሳህን ቀንድ አውጣ አመጣች። ቀርጤሶች በጾም ቀንድ አውጣም ኦክቶፐስም ይበላሉ፤ ደም የለውም ባይ ናቸው። እቴቴ ሳህኑን በአንድ ጣት ገፋ አደረጉት። «እግዜር ይስጥልኝ። የኛ ጾም እዚህ አልደረሰም።»

ከምሳ በኋላ አስጎብኚዋ ጠዋት ባለፍንበት መንገድ መለሰችን። ጠዋት ሣር ብቻ የነበረበት ቦታ ላይ ቁጭ በሉ አለች። ሣሩ መሐል ጥብቅ ብለው የተጠቀለሉ ሹል እንቡጦች ነበሩ፤ ማንም ልብ አላላቸውም። በእኛ አቆጣጠር ሰባት ሰዓት አለፍ ሲል አንዷ ጫፏን ላላ አደረገች። ደግሞ ሌላዋ። የአበባ ቅጠሎቹ አንድ በአንድ ወደ ውጪ ተገለበጡ፤ ሰማያዊ፣ በእያንዳንዱ ላይ ነጭና ቢጫ ነጠብጣብ። ብዙም ሳንቆይ መንገዱ በሙሉ ሰማያዊ ሆነ። ይህች ትንሽ አይሪስ ከቀትር በኋላ ተከፍታ ማታ ትጠወልጋለች፤ አንዷ አበባ ከአንድ ቀን በላይ አትኖርም። ጠዋት ብቻ የሚራመድ መንገደኛ ዕድሜውን ሙሉ ቢመላለስ አያያትም።

ማታ ማታ ሌላ ሥርዓት አለ። ሁሉም የታተመ ዝርዝር ይዞ ይቀመጣል፤ አስጎብኚዋ የላቲን ስም ትጠራለች፤ ያየ «አለ» ይላል፤ ልክ አስተማሪ በክፍል ስም ሲጠራ። ያንን አይቻለሁ፣ አላየህም፣ ቅጠሉ ጠባብ ነበር፣ ሰፊ ነበር እያሉ ይከራከራሉ። እውነቱን ልናገርና በዚህ ሰዓት እኔን እንቅልፍ ይጥለኛል። አንድ ማታ ግን ዝርዝሩን ትታ የአንድ መጽሐፍ ታሪክ አወራችን። የኦክስፎርዱ የዕፅዋት መምህር ጆን ሲብቶርፕ በ1786 ፈርዲናንድ ባወር የሚባል ኦስትሪያዊ ሠዓሊ ይዞ ወደዚህ አገር መጣ። ባወር ሜዳ ላይ ቀለም አይቀባም። በእርሳስ ይነድፍና በየቅጠሉ ላይ ቁጥር ይጽፋል፤ እያንዳንዱ ቁጥር አንድ የቀለም ዓይነት ነው። ከዚያ በኋላ ኦክስፎርድ ተቀምጦ ቁጥሩን እያየ ቀባው። ሲብቶርፕ በ1796 አርባ ሳይሞላው ሞተ፤ መጽሐፉ እንዲታተምበት ሀብት ተናዘዘ። «ፍሎራ ግሬካ» ከ1806 እስከ 1840 ድረስ በ10 ቅጽ፣ 966 ሥዕል ይዞ ወጣ፤ የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች ሠላሳ አይሞሉም ነበር።

«እና ሳያየው ሞተ?» አሉ እቴቴ።

«ሳያየው።»

«ነፍሱን ይማር።»

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከስፒሊ በላይ ተራራውን ወጥተው ወደ የራካሪ መንደር ሲሄዱ፣ ከኬድሮስ ተራራ አጠገብ፣ ከባሕር ወለል 700 ሜትር ከሚበልጥ ከፍታ ላይ ዩስ ካምቦስ የሚባል ደልዳላ ሜዳ አለ። የአበባ ሰዎች ስሙን የሚያነሡት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። ከመኪና ስንወርድ ማንም አልተናገረም። ጦም ያደረው መሬት ቀይ ነው። ካለፈው ዓመት ገለባ መሐል የዱር ቱሊፕ ዳር እስከ ዳር ተነሥቷል። አበባ ቤት የሚሸጠውን ረጅሙን አታስቡ፤ ይኼኛው ከጉልበት በታች ነው፤ ቅጠሉ ሹል፣ ቅላቱ የደም፣ ጎንበስ ብለው ወደ ውስጡ ቢያዩት መሐሉ ጥቁር ነው። በቀርጤስ ላይ ዕፅዋት ይሰበስብ በነበረው በኦስትሪያዊው በዶርፍለር ስም ይጠራል፤ ከዚህች ደሴት ውጪ አይገኝም። ሆላንዳዊው ያገሩ ቱሊፕ በመኪና በመኪና የሚጫን ሰው ሆኖ ሳለ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ያን ጊዜ አንድ ፒክአፕ መጣ። ባለመሬቱ ነው፤ ለበጎቹ ድርቆሽ፣ ለሚገዛ ደግሞ ማር ጭኗል። ሆላንዳዊው በአስጎብኚዋ በኩል ጠየቀው። «ይህን ቦታ ማረስ መከልከል የለበትም? ለምን አይታጠርም?»

ገበሬው ሳቀ። «አጥሩት» አለ። «አጥሩትና ከአሥር ዓመት በኋላ ተመለሱ። እሾህ ታገኛላችሁ።»

ፈረንጆቹ ግራ ገባቸው። እቴቴ ግን ግራ አልገባቸውም። «እውነቱን ነው» አሉኝ። «መሬት ካልታረሰ ዳዋ ይለብሳል። እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ይኸ እኔን ይገባኛል።»

አስጎብኚዋ አፍታታችው። በመጸው ማረሻው አፈሩን ሲገለብጥ ከቱሊፑ ራስ ሥር የተጣበቁትን ትንንሽ ራሶች ከእናታቸው ይለያቸዋል፤ ወዲያና ወዲህ ይበትናቸዋል። ጠለቅ ብለው ያሉትን አይነካቸውም። ቁጥቋጦውን ግን ይነቅላል፤ ብርሃኑ ለቱሊፑ ይተርፋል። ገበሬው በትልቅ ማሽን ጠልቆ ቢያርስ ወይም የአረም መድኃኒት ቢረጭ ቱሊፑ ያልቅለታል። ጨርሶ ባያርስም ያልቅለታል። ፍየሉም እንዲሁ ነው፤ ሲበዛ ምድሩን ይልጠዋል፣ ሲጠፋ ደግሞ ቁጥቋጦው ሁሉን ይሸፍነዋል። ወደ ሜዳው ጠርዝ ወሰደችንና ከእሾሃማ ቁጥቋጦ መሐል አንገቱን ያወጣ ኦርኪድ አሳየችን። ፍየሉ እሾሁን ፈርቶ አልደረሰበትም፤ ዙሪያውን ያለው ሣር ግን በፍየል ጥርስ ተላጭቷል። ያ ኦርኪድ እሾሁም ፍየሉም ያስፈልገዋል።

እዚህ ላይ እኔ የራሴን ልናገር። የአበባ ጉዞ ማስታወቂያ ሁሉ ሥዕሉ ላይ ሰው አያሳይም፤ ተራራ፣ ሰማይ፣ አበባ፣ ሌላ የለም። ሰው ያልነካው ምድር እያሉ ይሸጡታል። ውሸት ነው። ይህን ሜዳ ሰው ለዘመናት ነክቶታል፤ አበባውን ያቆየውም ያ ሰው ነው። ለአበባው የሚከፈለውን ገንዘብ የሚወስደው አስጎብኚው፣ ሆቴሉ፣ አውሮፕላኑ ነው። አራሹ ከዚያ ገንዘብ ሳንቲም አይደርሰውም፤ ልጆቹም እርሻውን ትተው ረቲምኖ ሆቴል ቤት ይሠራሉ፤ ራሱ ነው የነገረን።

እቴቴ ከገበሬው ጋር ብዙ አወሩ፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ በግ፣ ስለ ልጅ። ሲለያዩ ሁለት ብልቃጥ ማር ገዙት።

የራካሪ ላይ ቡና ጠጣን። ቼሪው አብቧል፤ መንደሩ በቼሪው የታወቀ ነው። በነሐሴ 1944 የጀርመን ጦር የራካሪንና በኬድሮስ ሥር ያሉትን መንደሮች አቃጥሎ ከ160 በላይ ሰው ገደለ። የተረፉት ተመልሰው ቤቱንም እርሻውንም አቀኑት። ዩስ ካምቦስን የሚያርሱት የእነዚያ ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው።

ልሂድ የምትሉ ካላችሁ፣ ለቱሊፑ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ያለውን ጊዜ ምረጡ። እርሻው ውስጥ አትግቡ፤ ከጠርዙም ደህና ይታያል። ሥር ቆፍራችሁ እወስዳለሁ እንዳትሉ፤ ኦርኪድ በሙሉ ከ1975 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ተመዝግቧል፣ ጉምሩክ ላይ ይያዛል። ቢያልፍላችሁም ከለመደው ፈንገስ ተለይቶ ማሰሮ ውስጥ አይበቅልላችሁም። የሥሩን ዱቄት ሳሌፕ ብለው በትኩስ መጠጥ ቢያቀርቡላችሁም አትጠጡ፤ አንዱን ኪሎ ለመሥራት ከሺህ በላይ ኦርኪድ ይነቀላል። ከባሕር ዳር ሆቴል ይልቅ ስፒሊ እደሩ፤ የራካሪ ላይ ምሳ ብሉ፤ ማራችሁንም ከፒክአፑ ላይ ግዙ።